ውኃ የማይጠላ ነዳጅ

በጥቅምት ወር በጅማ ዙሪያ ያሉት የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች ሥራ ሲጀምሩ፣ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከማና እስከ ጌራ፣ ከማሽኑ ሥር ቀይ ገለፈት ሳያቋርጥ ይወርዳል። 100 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና ተፈልፍሎ፣ ታጥቦና ደርቆ ለገበያ የሚተርፈው 20 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ገለፈቱ ብቻውን ከ40 ኪሎ ይበልጣል፤ ቀሪው ልጋግ፣ ውኃና ቅርፊት ነው። ገለፈቱ ከጣቢያው አጠገብ ይከመራል፣ በሁለት በሦስት ቀን ይሻግታል፣ ፈሳሹም ቁልቁል ወደ ጅረቱ ይወርዳል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በወንዞቹ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት አጥንተው ጽፈውበታል። የጉዳቱ ዋና መንስኤ ደግሞ ስኳር ነው። ጅረቱ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ስኳሩን ሲበሉ በውኃው ያለውን ኦክስጂን ይጨርሱታል፤ ከጣቢያው በታች ለሚኖረው ገበሬም ለከብት እንኳ የማይሆን የሸተተ ውኃ ይደርሰዋል። ጉዳቱን ለመቀነስ ቬቲቨር ሣር የተተከለባቸው ማጣሪያ ረግረጎች ተሠርተዋል፣ ውኃ የሚቆጥቡ መፈልፈያዎችም ገብተዋል። ሁሉም ደግ ሥራ ነው። ሆኖም ሁሉም ስኳሩን የሚያዩት እንደ ቆሻሻ ብቻ ነው።

ክርክሬ ይህ ነው፦ ያ ስኳር ነዳጅ ነው፤ ለቡና ከተሞች የሚበጀው አጠቃቀሙም ወደ ኢታኖል ለውጦ፣ ኢታኖሉን ደግሞ መብራት በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ በትንሽ መሣሪያ ወደ ሃይድሮጂን መቀየር ነው። ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ለሚኖር አንባቢ ይህ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ሊመስለው ይችላል። ግን የሚያስፈልገው ዕውቀት አብዛኛው እዚያው ጅማ ውስጥ አለ፤ ኪቶ ፉርዲሳ ላይ የዩኒቨርሲቲው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ መልኮ ላይ ደግሞ ቡናን ከ50 ዓመት በላይ ሲያጠና የኖረው የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛሉ።

ኢትዮጵያ ከኢታኖል ጋር አዲስ አይደለችም። ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኢታኖል ያመርታሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፣ በ2011 ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ጋያ የተባለው ማኅበር ደግሞ የኢታኖል ምድጃ በሶማሌ ክልል ወደሚገኘው የቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ አስገብቶ፣ እናቶችን ከማገዶ ፍለጋና ከጭስ ያሳረፈ ሥራ ሠርቷል፤ በ2008ም የአሽደን ሽልማት ተሰጥቶታል። ከሁለቱ መንገዶች አገሪቱ የበለጠ ያተኮረችው ቤንዚኑ ላይ ነበር። ቤንዚን ግን ውኃ አይወድም። ኢታኖሉ ትንሽ ውኃ ከያዘ ድብልቁ ታንከር ውስጥ ይለያያል፤ ውኃና ኢታኖል ወደ ታች ይዘቅጣሉ፣ ሞተሩም ይታመማል። ስለዚህ ለመቀላቀል የሚፈለገው ከ99 በመቶ በላይ የጠራ ኢታኖል ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኢታኖልና ውኃ አብረው ሲፈሉ፣ ኢታኖሉ በክብደት 95.6 በመቶ ላይ ሲደርስ እንፋሎቱና ፈሳሹ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ቢያፈሉት ቢያፈሉት አይለይም። የቀረችውን ውኃ ለማውጣት ሌላ ማሽን፣ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህን የሚችለው ትልቅ ፋብሪካ ነው። ጎማ ወረዳ ያለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አይችልም፤ እንዲችልም መጠበቅ የለበትም።

ሃይድሮጂን ማውጣት የሚለየው በዚህ ነው፤ ውኃውን ይፈልገዋል። ሂደቱ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀላል ነው፦ አንድ የኢታኖል ሞለኪውል ከሦስት የውኃ ሞለኪውሎች ጋር ካታሊስት (ሂደቱን የሚያፋጥን ነገር) ባለበት፣ ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሲገናኝ፣ ስድስት የሃይድሮጂንና ሁለት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች ይወጣሉ። ከሃይድሮጂኑ ግማሹ የመጣው ከውኃው ነው። ውኃው እዚህ ከምርቱ እኩሌታውን የሚሰጥ ጥሬ ዕቃ ነው። በተግባር ደግሞ ካታሊስቱ ላይ ጥላሸት እንዳይጋገር ውኃው ከሦስት ትንሽ ከፍ ብሎ አራት ገደማ እንዲሆን ይደረጋል። ይህ መጠን በመቶኛ ሲሰላ ከ100 ሊትር ፈሳሽ 45 ሊትሩ ኢታኖል የሆነበት ነው። ዳግም አረቄም በአብዛኛው የሚገኘው በዚሁ መጠን አካባቢ ነው። እናቶቻችን በጋንና በመቃ ሁለት ጊዜ አውጥተው የሚያደርሱት ጥንካሬ፣ ሪፎርመር የሚባለው ሃይድሮጂን አውጪ መሣሪያ ከሚጠይቀው ጋር ይገጥማል ማለት ነው። የገጠሩ ሰው ዕውቀት ከቤንዚን ማደያው ደጅ የሚመልሰው እጥረት ነበረበት፤ እዚህ ግን ልክ ይሆናል።

ይህን በቤተ ሙከራ ያሳዩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ላኒ ሽሚትና ባልደረቦቹ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ኢታኖልን፣ ውኃንና አየርን በመኪና ነዳጅ መርጫ አማካይነት ሮዲየምና ሴሪያ በተቀባ ካታሊስት ላይ ረጭተው በሚሊሰከንዶች ውስጥ ሃይድሮጂን አወጡ። የጥናቱ ትልቁ ፍሬ ነገር ውኃውን ከኢታኖሉ ለመለየት የሚወጣውን ጉልበት ማስቀረት መቻሉ ነበር። በ2016 ኒሳን ብራዚል ውስጥ ከኢታኖል ሃይድሮጂን እያወጣ፣ ሃይድሮጂኑን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ ፊውል ሴል በተባለ መሣሪያ የሚሄድ መኪና ለሙከራ አሳይቷል፤ ውኃ የተቀላቀለበት ኢታኖልም እንደሚያገለግለው ገልጿል። ለምን ኢታኖሉስ ያስፈልጋል፣ የስኳሩን ውኃ ራሱን ወደ ሃይድሮጂን መቀየር አይቻልም ወይ የሚል ቢኖር፣ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2002 ይህንኑ ሞክረዋል፤ በግፊት ሥር፣ በፕላቲነም ካታሊስት፣ ከ225 ዲግሪ ጀምሮ ይሆናል። ሆኖም ከግሉኮስ የተገኘው የሃይድሮጂን ድርሻ ከቀላል አልኮሎች ከተገኘው ያነሰ ነበር። እርሾ ይህን ሥራ በርካሽ ስለሚሠራልን፣ ለጊዜው ጥንስሱ ይሻላል።

ሃይድሮጂኑን ሌላ ቦታ አምርቶ በሲሊንደር ማምጣት ለምን አይሆንም? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ በተለይ ከወንዞቻችን ኤሌክትሪክ ሃይድሮጂን ማምረት የሚለው ሐሳብ መወራት ከጀመረ ወዲህ። 50 ሊትር የሚይዝ፣ ጋዙ በ200 ባር ግፊት የታመቀበት የብረት ሲሊንደር ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በውስጡ የሚኖረው ሃይድሮጂን ግን ከ700 እስከ 750 ግራም ብቻ ነው። ያንኑ ሃይድሮጂን ለማውጣት፣ ለማሞቂያ የሚቃጠለውንም ጨምሮ፣ ከ5 እስከ 6 ሊትር ኢታኖል ይበቃል፤ ውኃው አብሮት ሲቆጠር 12 ሊትር ገደማ ነው። ይህን አንድ ሰው በጀሪካን ይዞት ይሄዳል፣ በበቅሎ ይጫናል፣ በክረምት ጭቃ ላይ ያልፋል። ቫልቭ አያስፈልገውም፣ ግፊት የለውም፣ ቢፈስ በውኃ ይታጠባል። ከርሞም አይበላሽም፤ በኅዳር የወጣው በነሐሴ ይሠራል። ተንቀሳቃሽ ፊውል ሴል ላይ ለዓመታት የሠሩ መሐንዲሶች ሃይድሮጂንን በፈሳሽ ነዳጅ ውስጥ ይዞ መሄድ ይሻላል ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን መጠኑን በሐቀኝነት እንመልከት፤ የዚህ ዓይነት ሐሳብ የሚበላሸው ሲጋነን ነውና። አንድ ጣቢያ በወቅቱ 100 ቶን እሸት ቡና ፈለፈለ እንበል። 40 ቶን ገለፈት ይገኛል። ከዚህ ውኃው ቢወጣ ደረቁ 8 ቶን ያህል ነው፤ በደረቁ ውስጥ እርሾ በቀላሉ የሚበላው ስኳር ከአሥር አንድ እጅ ትንሽ ይበልጣል። በጥንስሱና በማውጣቱ የሚባክነው ተቀንሶ 450 ሊትር ያህል ኢታኖል ይደርሳል። በአንድ ሊትር ኢታኖል ውስጥ ወደ 5.9 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት አለ፤ ሪፎርመሩና ፊውል ሴሉ ተደምረው ከዚህ ሩቡን ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጡ ጣቢያው በዓመት 650 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ከተማ አያበራም፣ ፋብሪካም አያንቀሳቅስም። የክትባት ማቀዝቀዣ ግን በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። ማቀዝቀዣውን፣ የማዋለጃ ክፍሉን መብራትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ስልክ በቀን 1 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት እንያዝለት። የአንድ ጣቢያ ገለፈት አንድ ጤና ኬላን ዓመቱን ሙሉ ይይዛል።

የፀሐይ ኃይል ደጋፊዎች እዚህ ላይ ይነሳሉ፤ ተቃውሟቸውም ተገቢ ነው። የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ዛሬ ርካሽ ሆኗል፣ ነዳጅ አይጠይቅም፣ ከሪፎርመር የበለጠ ቀላልም ነው። ይህ እውነት ስለሆነ ኢታኖሉ ከፀሐይ ጋር መወዳደር የለበትም፤ ፀሐይ የሚያጥርበትን ወር ይሙላ። ጅማ በዓመት ከ1,400 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ አካባቢ ናት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ለቀናት አይገለጥም። ያን ጊዜ እንዲያልፍ ተብሎ ባትሪውን በሦስትና በአራት እጥፍ ማሳደግ ከባድ ወጪ ነው፤ በበጋው ያ ሁሉ ባትሪ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ኢታኖሉ ለእነዚያ አራት ወራት ብቻ ከተቆጠበ፣ የአንዱ ጣቢያ ምርት ለሦስት ጤና ኬላዎች ይደርሳል። ቡናው የሚፈለፈለው በበጋ መግቢያ፣ ኃይሉ የሚፈለገው በክረምት ነው፤ በመካከሉ ያለውን ጊዜ በርሜል ውስጥ የተቀመጠ ፈሳሽ ይሻገረዋል።

ግድቡስ? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ለጅማ ሰው ደግሞ 184 ሜጋዋት ያለው ግልገል ጊቤ አንድ ከ2004 ጀምሮ ጎረቤቱ ነው። ከግልገል ጊቤ ግድብ ኩሬ ዳር ያሉ ቀበሌዎች ሳይቀሩ ለረጅም ጊዜ በኩራዝ ማምሸታቸው የሚያሳየው፣ ማመንጨትና ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ምሰሶው ይደርሳል፤ እንዲደርስም መታገል አለብን። እስኪደርስ ያለው ጊዜ ግን ለአንድ ሕፃን ክትባት ረጅም ነው። ቤንዚን ጄኔሬተር ይበቃል የሚለውም እንዲሁ ያጠያይቃል። 50 ዋት የሚበላ ማቀዝቀዣን በ1 ኪሎዋት ጄኔሬተር ማንቀሳቀስ ነዳጁን በአብዛኛው ወደ ሙቀትና ጩኸት መለወጥ ነው፤ ፊውል ሴል በትንሽ ጭነት ላይ ጠንካራ ጎኑ የሚታይበት መሣሪያ ነው። በነዳጅ ማደያዎቻችን ደጅ የሚታየው ወረፋም ራሱን የቻለ መልስ ይሰጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ስለ ሃይድሮጂን የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። አረቄ ማውጣት እሳት ይበላል። ከገለፈት የሚገኘው ጥንስስ ቀጭን ነው፣ አልኮሉ ከ3 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። ያንን በጋን አፍልቶ፣ እንፋሎቱን በመቃ አቀዝቅዞ፣ እንደገና አፍልቶ 45 በመቶ ላይ ለማድረስ የሚነደው እንጨት፣ በተገኘው ኢታኖል ውስጥ ካለው ጉልበት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ቡናው የሚያድገው በዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ የጥላውን ዛፍ ቆርጦ ከገለፈት ነዳጅ ማውጣት ቡናውንም ነዳጁንም ያሳጣል። ስለዚህ የማገዶ እንጨት ከተፈቀደ ሥራው ባይጀመር እመርጣለሁ። የሚያዋጣው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛው ከጋኑ ይልቅ የሚወጣው ሙቀት የሚገባውን ጥንስስ የሚያሞቅበት፣ እንፋሎቱ በደረጃ እየጠራ የሚወጣበት ቀጥ ያለ የማንጠሪያ ዓምድ ነው፤ ይህ ብቻውን የሚፈለገውን ሙቀት ወደ ሩብ አካባቢ ሊያወርደው ይችላል፤ ብየዳ በሚያውቅ የጅማ ጋራዥም ይሠራል። ሁለተኛው ማገዶው ነው። ጀንፈል ቡና በሚቀሸርባቸው የጅማና የአጋሮ ወፍጮዎች ደጅ ደረቅ የቡና ገለባ ተራራ ሆኖ ይከመራል፤ አንዱ ኪሎ ወደ 16 ሜጋጁል ሙቀት ይሰጣል፤ ብዙው ሜዳ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል። እርጥቡ ገለፈት ስኳሩን፣ ደረቁ ገለባ እሳቱን ይስጥ። ገለባውን በቀጥታ አንድዶ ኤሌክትሪክ ማመንጨት አይሻልም ወይ ለሚል፣ ያ ማሽን ሠራተኛ፣ ጥበቃና ቋሚ ቦታ ይፈልጋል፤ ኤሌክትሪኩም ከወፍጮው ግቢ አይወጣም። ሙቀት በወፍጮው ደጅ ርካሽ ነው፣ ኤሌክትሪክ በጤና ኬላው ውድ ነው፤ ኢታኖሉ ርካሹን ወደ ውዱ ቦታ ይወስደዋል። ከጥንስሱ የሚተርፈው አተላና ገለፈት ደግሞ ስኳሩ ተበልቶለት ወደ ኮምፖስት ይሄዳል፤ ወንዙም ያን ያህል ሸክም ይቀልለታል።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ መኪና ሠሪዎች ይህን መንገድ ሞክረው ተውት የሚል ክርክር አለ። ትክክል ነው። ዳይምለር እ.ኤ.አ. በ1997 ከሜታኖል ሃይድሮጂን የሚያወጣ መኪና አሳይቶ ነበር፤ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤትም በ2004 መኪና ላይ የሚጫን ሪፎርመር ላይ የሚያደርገውን ድጋፍ አቁሟል። ምክንያቱን ግን ማንበብ ያስፈልጋል፦ መኪና በሰከንዶች ውስጥ መነሳት አለበት፣ ሪፎርመር እስኪግል ደቂቃዎች ይወስዳል፤ መኪናም በየቅጽበቱ ፍጥነት ይቀያይራል። የክትባት ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ሙሉ እኩል ጭነት አለው፣ ሩብ ሰዓትም ይታገሣል። ከባዱ ችግር ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሪፎርመሩ ከሃይድሮጂኑ ጋር ያወጣዋል፤ በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠራው የተለመደው ፊውል ሴል ደግሞ ከሚሊዮን ክፍል 10 ያህል ብቻ ካለበት ፕላቲነሙ ይመረዛል። ጋዙን እስከዚያ ድረስ ማጥራት መሣሪያውን ያወሳስበዋል። በ160 ዲግሪ አካባቢ የሚሠራው፣ ፎስፎሪክ አሲድ የተነከረ ሽፋን ያለው ፊውል ሴል ግን ከ1 እስከ 3 በመቶ ድረስ ይችላል፤ ለገጠር የሚመረጠው ይህ ነው። የኢታኖሉም ንጽሕና ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጥንስሱ ውስጥ የሚፈጠሩት ከባድ አልኮሎችና ኮምጣጤ ካታሊስቱ ላይ ጥላሸት ያስቀምጣሉ፣ ሰልፈር ደግሞ ካታሊስቱ የሚሠራበትን ኒኬል ይገድለዋል። ስለዚህ የአረቄ ጥንካሬ ያለው ፈሳሽ ይበቃል ማለት ማንኛውም አረቄ ይሆናል ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጠብታ ተለይቶ መውጣት አለበት። አረቄ አውጪዎች ይህን ልዩነት በምላሳቸው ያውቁታል።

ኢታኖሉ ይጠጣል የሚለው ሥጋት እውነተኛ ነው፤ ችላ ሊባልም አይገባም። ለነዳጅ የተመደበ ፈሳሽ ከጣቢያው ሳይወጣ የሚያመር ነገርና ቀለም ሊጨመርበት ይገባል፤ በምድጃ ኢታኖል ላይ የሚታወቅ አሠራር ነው። ሜታኖል ማስገባት ግን በፍጹም አይገባም። ሰካራም ሰው ማስጠንቀቂያ አያነብም፣ ቅጣቱም ዓይኑና ሕይወቱ መሆን የለበትም። ማምረሪያው ሰልፈር የሌለበት መሆን አለበት፤ ቤንዚን ጠብ ማድረግ ሌላ ቦታ የተለመደ ቢሆንም እዚህ ካታሊስቱን ያጠፋል። ዋጋውም ከአረቄ ዋጋ ጋር መታየቱ አይቀርም። ማኅበሩ ሊትሩን ለጤና ጽሕፈት ቤት የሚሸጥበት ዋጋ ጠጪው ከሚከፍለው በጣም ካነሰ፣ ማምረሪያው ከመጨመሩ በፊት ጀሪካኑ በጓሮ ይወጣል። ስለዚህ ግዢው በውል፣ ክፍያውም ፈሳሹ ጣቢያው ላይ ሲለካ የሚፈጸም መሆን አለበት።

ፊውል ሴሉ ውድ ነው፤ ማኅበር ከቡና ትርፉ አይገዛውም። ለዚህም ነው መሣሪያ በመግዛት መጀመር የለብንም የምለው። ውድ ዕቃ በእርዳታ መጥቶ፣ ተመርቆ፣ መለዋወጫ አጥቶ መጋዘን የገባበትን የጤና ተቋም የማያውቅ የለም። ቅደም ተከተሉ ከፈሳሹ ይነሳ። በመጪው የቡና ወቅት አንድ ጣቢያ ላይ፣ ገለፈቱ በወጣበት ቀን ተጨምቆ ይጠንሰስ፤ ቢዘገይ በራሱ መኮምጠጥ ይጀምራልና ስኳሩ ያመልጣል። መልኮ የስኳሩን መጠንና የትኛው እርሾ የገለፈቱን ታኒን እንደሚቋቋም ይለካ። ኪቶ ፉርዲሳ የማንጠሪያ ዓምዱን ይሥራ፣ በገለባ ያንድደው፣ ለአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ገለባ እንደነደደ ይመዝግብ። ያ ኢታኖል በቤተ ሙከራው በትንሽ የኒኬል ሪፎርመር ውስጥ ሌትና ቀን ይለፍ፤ የሚወጣው ሃይድሮጂን እየቀነሰ መሆን አለመሆኑ በየሰዓቱ ይነበብ። ካታሊስቱ በጌራ ወይም በጎማ ገለፈት ኢታኖል ላይ 1,000 ሰዓት ሳይደክም ከቆየ፣ ስለ ፊውል ሴል ግዢና ስለ መጀመሪያው ጤና ኬላ ጤና ቢሮውን ማነጋገር የሚቻለው ያኔ ነው።